«ጎበዝ» ብቻውን ቀለም አይገዛም

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናው እስኪፈላ የሚያልቅ ነው፣ አብሽሩ።

ነገሬ ስለ ኮሚክ ነው። በሳጥን በሳጥን ተከፋፍሎ፣ ንግግሩ ከሰዎቹ አፍ አጠገብ ተጽፎ፣ በሥዕል ስለሚተረክ ታሪክ። «ቲቸር ደግሞ ወደ ልጅነቱ ተመለሰ» የምትሉ አትጠፉም፤ ትንሽ ታገሡኝ። የምለው አንድ ነገር ነው። እዚህ አገር በራሳቸው ጥረት ኮሚክ የሚሠሩ ልጆች ያጡት ችሎታ አይደለም፤ አድናቂም አላጡም። ያጡት ስማቸውን ሳይቆርጥ የሚያጋራ፣ ትንሽ ብር ከፍሎም የሚያነብ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ መንግሥት አይደለም፣ ድርጅትም አይደለም። እኔና እናንተ ነን።

ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ ከዓመታት በፊት ያስተማርኳት አንዲት ልጅ ናት። ስሟን አልጠራም። ተማሪ እያለች የደብተሯ የኋላ ገጾች በሙሉ ሥዕል ነበሩ። ኋላ ስልክ ስትገዛ በስልኳ መሣል ጀመረች። አራት አራት ሳጥን እያደረገች የገበያ ቀን ጭቅጭቁን፣ የባጃጁን ግፊያ፣ የእናቶችን የቡና ላይ ጨዋታ ትለጥፍ ነበር። ሰዎቿ እንደኛ ነው የሚያወሩት፤ «አብሽር» ይላሉ፣ «ወላሂ» ይላሉ። አንድ ቀን ብዙ ተከታይ ያለው ገጽ ሥራዋን ወሰደና፣ ጥግ ላይ የጻፈችውን ስሟን ቆርጦ የራሱን ምልክት ለጠፈበት። በእሷ ገጽ መቶ ሰው ያላየውን እዚያ በሺ የሚቆጠር ሰው አየው። በውስጥ መስመር ጻፈችለት፤ ብሎክ አደረጋት። «ቲቸር፣ ሥዕሉን ሰው ወዶታል፤ እኔ ግን የለሁበትም» አለችኝ።

አሁን አትስልም። ሱቅ ተቀጥራ ትሠራለች። ሱቅ መሥራት ምንም ነውር የለውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያንን ልጥፍ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። «ጎበዝ!» ያለው ብዙ ነው፤ የሳቀው ብዙ ነው። «ማን ነው የሠራው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አላገኘሁም።

«ሕግ የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል አለ። አንድ ሥራ የሠሪው የራሱ ፈጠራ ከሆነና በሆነ ነገር ላይ ከሰፈረ፣ ሕጉ ይጠብቀዋል። ሥራው እንዲባዛ የመፍቀድም ሆነ የመከልከል መብት የሠሪው ነው፤ ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብትም አለው። ጥበቃው በሕይወት ዘመኑ አብቅቶ አይቀርም፤ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቀጥላል። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ለአራት ሳጥን ሥዕል ጠበቃ ቀጥሮ ደሴ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ማን አለ? ሕጉ ጥሩ ነው፣ ይኑር። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሥራ ግን የመጀመሪያው ዘበኛ አንባቢው ነው።

«ኮሚክ የእኛ አይደለም፣ ከፈረንጅ የመጣ ነው» ለምትሉኝ ደግሞ ከቤታችን ልጀምር። እዚሁ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ትምህርት ቤት ካቆሙ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። እሳቸው ለገዳሙ የሰጡት ባለ ሥዕል ወንጌል በአገራችን ዘመናቸው በግልጽ ከሚታወቅ ባለ ሥዕል መጻሕፍት እጅግ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ዘመኑን እንዴት አወቅነው? ማን እንደሰጠውና መቼ እንደሰጠው መጽሐፉ ላይ ስለተጻፈ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 1280 ወይም 1281። እስቲ አስቡት፣ በብራና ላይ የሰፈረ ስም 700 ዓመት ሙሉ ማንም ሳይቆርጠው እዚህ ደረሰ። እኛ ደግሞ በአንድ ጣት የልጅቱን ስም በደቂቃ እናጠፋለን።

አዲስ አበባ ሄዳችሁ የባህል ሥዕል የሚሸጥበት ገብታችሁ ከሆነ ደግሞ የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ፣ በረድፍ በረድፍ በትናንሽ ሳጥን ተከፋፍሎ አይታችኋል። ብዙ ጊዜ 44 ሳጥን ነው፤ ምን እየሆነ እንደሆነ ከሥዕሉ ጋር በአማርኛ ይጻፍበታል። ይህ ምንድን ነው ታዲያ? ስሙን አላወጣንለትም እንጂ ነገሩን እናውቀዋለን።

በዘመናችንም የሞከሩ አሉ። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን በ2006 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት በቴሌቪዥን ጀመረች። ብዙዎቻችሁ ያደጋችሁበት ነው። ኋላም «ጥበብ ገርልስ» የሚል፣ ሦስት ልጃገረዶች ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሰለ ጎጂ ልማድ የሚታገሉበት ካርቱንና ኮሚክ ሠሩ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሥራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ይባላል፤ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ይህን ስትሰሙ ስንቶቻችሁ «ይሄማ እኔ ነኝ» አላችሁ? በዓመቱ «ሐዊ» ተከተለች፤ እሷ ደግሞ አሜሪካ አድጋ ወደ ኢትዮጵያ የምትመጣ ልጅ ናት።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። «ሐዊ» የታተመችው ኪክስታርተር በሚባለው መድረክ አንባቢዎች አስቀድመው ገንዘብ አዋጥተውላት ነው። ሰዉ «ጎበዝ» ብሎ አላለፈም፤ ኪሱ ገባ። ችግሩ እዚያ መድረክ ላይ መዋጮ መክፈት የሚችለው መድረኩ በዘረዘራቸው አገሮች የሚኖር ሰው ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። አሜሪካ ያለ ወንድማችን ይችላል፤ ሐይቅ ወይም ውጫሌ ያለ ልጅ አይችልም። ስለዚህ «ለምን የእኛ ኮሚክ ከውጭ ይመጣል?» ብላችሁ ስትጠይቁ፣ የተሰጥኦ ጉዳይ አይደለም። የገንዘቡ በር እዚያ ተከፍቶ እዚህ ስለተዘጋ ነው።

አሁን ግን እዚህም ቀዳዳ አለች። ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ በእጃችን ነው። አሥር ብር፣ ሃያ ብር ከስልክ ወደ ስልክ ለመላክ ባንክ መሰለፍ ቀርቷል። «በዚህ ኑሮ ውድነት ለሥዕል ማን ይከፍላል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ኑሮው ከብዷል፤ የመምህር ደሞዝ ምን እንደሆነ ለእኔ አትነግሩኝም። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ያንን ሥዕል በነፃ ያየነው ይመስለናል? የኢንተርኔት ጥቅል ገዝተን ነው ያየነው። ለኔትወርኩ ከፍለናል። ለስልኩ ከፍለናል። ካርዱን ለሸጠልን ልጅም ከፍለናል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ያልተከፈላት አንዲት ሰው ብትኖር ሥዕሉን የሠራችው ናት።

«ድርጅት ይደግፋቸው» የሚልም አለ። የድርጅት ኮሚክ እናውቃለን፣ ትምህርት ቤታችንም ይመጣል። እጅ ስለ መታጠብ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት ነው። ጠቃሚ ነው፣ አልቃወምም። ግን ልጆቹ አንድ ጊዜ ገልጠውት ያስቀምጡታል፤ ሁሉም ሰው በመጨረሻው ገጽ ላይ ተመክሮ ስለሚስማማ! የሚያስቅ፣ የሚያስለቅስ፣ ነገ ምን ሊመጣ ነው የሚያሰኝ ታሪክ የሚወጣው የሚያዘው በሌለበት ልጅ እጅ ነው። እሱን ሊያኖረው የሚችለው ደግሞ አንባቢው ብቻ ነው።

ታሪክ አጥተን አይደለም። የታሪክ መምህር ነኝና አንድ ላሳያችሁ። ከእኛ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛና በጣሊያንኛ አንድ አልነበረም። የአማርኛው ምኒልክ ከፈለጉ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ ይቻላቸዋል ነው የሚለው፤ የጣሊያንኛው ግን በእሷ በኩል ብቻ እንዲሆን አድርጎ አሰረው። ክፍል ውስጥ ይህን በጠመኔ ሳስረዳ ግማሹ ክፍል ያንቀላፋል። በኮሚክ ግን ሁለት ሳጥን ይበቃዋል፤ በአንዱ በር ክፍት ነው፣ በሌላው ያው በር ተቆልፏል፤ ከሥር ያለው ፊርማ አንድ ነው። አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ ዓድዋ ለምን እንደመጣ ይገባዋል።

የሐይቁን አፈ ታሪክም ሁላችሁም ከአያቶቻችሁ ሰምታችኋል። ነፍሰ ጡሯ ሴት ተበደለች፤ ፈጣሪ ተቆጣ፤ እሷ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያው ሁሉ ውኃ ሆነ። በየትኛው ፊልም ነው ከዚህ የሚበልጥ መነሻ ያያችሁት? ገዳሙ ዛሬ ያለው እሷ ተቀምጣበት ነበር በሚባለው ቦታ ላይ ነው፤ በሥርዓቱም ሴቶች አይገቡም። ሥርዓቱን አከብራለሁ። ግን የሐይቅ ልጅ ሆና፣ በአንዲት ሴት ታሪክ የሚጠራውን ቦታ ከዳር ሆና ብቻ የምታይ ተማሪ አለችኝ። እሷ ብትስለው፣ ለሌሎቹ ሴት ልጆች ደግሞ ታትሞ ቢደርሳቸው ምን ይመስላችኋል?

በ2014 ጦርነቱ እኛ ድረስ በመጣ ጊዜ ያየነውም አለ። እሱን አዋቂው በየወገኑ እያወራው ነው። ልጆቹ ግን ያዩትን በቃላት መናገር አቅቷቸው በሥዕል ሲያወጡት አይቻለሁ። አርት ስፒግልማን የሚባል አሜሪካዊ ከናዚ ካምፕ የተረፈውን የአባቱን ታሪክ ሰዎቹን በአይጥና በድመት መልክ አድርጎ ሳለው። መጀመሪያ ያወጣው ከሚስቱ ጋር ራሳቸው በሚያሳትሙት መጽሔት ላይ በ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። በ1992 ፑሊትዘር ተሸለመ። ትልቅ አሳታሚ አልጠበቁም። ጃፓኖችም ዛሬ መቶ ሺዎች የሚጎርፉበትን የኮሚክ ገበያቸውን በ1975 ሲጀምሩ 32 ቡድንና 700 ያህል ሰው ነበሩ። የእኛ ትምህርት ቤት የጠዋት ሰልፍ ከዚያ ይበልጣል!

ስለዚህ ምን እናድርግ? አራት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ስም አትቁረጡ። ስም የሌለው ሥዕል ካያችሁ «የማን ነው?» ብላችሁ ኮሜንት ጻፉ። ከመቶ «ጎበዝ» አንድ «የማን ነው?» ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ በስክሪንሾት ሳይሆን ከራሷ ገጽ ሼር አድርጉ። ተከታዩ ወደ እሷ ይሂድ።

ሦስተኛ፣ የምትስሉ ልጆች፣ ማተሚያ ቤት አትጠብቁ። አንድ ኤ4 ወረቀት ስምንት ቦታ እጠፉ፤ መሐል ላይ አንድ ጊዜ ቁረጡና መልሳችሁ እጠፉት፤ ስምንት ገጽ ያላት ትንሽ መጽሐፍ ትሆናለች። ስቴፕለር እንኳ አያስፈልጋትም። በአንድ ጎን ብቻ ስለምትታተም የፎቶ ኮፒው ወጪ የአንድ ወረቀት ነው። ሽፋኑ ላይ ስማችሁን፣ ከኋላ የቴሌብር ቁጥራችሁን ጻፉ። ዋጋም ጻፉበት! በነፃ አትስጡ፤ ሻይ በነፃ የሚሰጥ የለም። ሃያ ኮፒ ከሸጣችሁ የሚቀጥለው ሃያ ወጪው ተሸፈነ ማለት ነው።

አራተኛ፣ ለሙያ ጓደኞቼ። ከሴሚስተሩ አንዱን የቡድን ሥራ በዚህ መልክ እንስጥ። ታሪክ፣ ባዮሎጂ፣ አማርኛ፣ ሁሉም ይሆናል። ጽሑፉን አንዱ ይጻፍ፣ ሥዕሉን አንዷ ትሳል፣ የሁሉም ስም ሽፋኑ ላይ ይስፈር። ልጅ ሥራው ላይ ስሙን ማኖር ከለመደ፣ ነገ የሰው ስም ለመቁረጥ እጁ ይከብደዋል።

ከዚህ በታች የምትስሉ ሁሉ ሥራችሁን ከነስማችሁ ለጥፉ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ባለ ስምንት ገጽ መጻሕፍት እኔ እገዛለሁ፤ በደሞዝ ሰሞን ከሆነ ስድስት። ይህን ጽሑፍ ስታጋሩ የእኔን ስም ብትቆርጡት ግድ የለኝም። የእነሱን ግን እንዳትነኩ።