የገና ዱላ ይዘን ከሆኪ ሜዳ ስለ ምን ጠፋን?

በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. በአክራ ከተማ 13ኛው የመላ አፍሪቃ ጨዋታ ሲደረግ፣ በ1996 ዓ.ም. ከአቡጃው ውድድር ወዲህ ሃያ ዓመት ያህል ተቋርጦ የቆየው የሜዳ ሆኪ እንደገና ተመለሰ። አስተናጋጇ ጋና የወንድም የሴትም ቡድን አሰለፈች፤ ናይጄሪያና ሌሎችም አገሮች ተጋጠሙ። የአገራችን ስም ግን በዚህ ጨዋታ ተራ ውስጥ አልነበረም። ይህም ከቶ ማንንም አላስደነቀም፤ ሆኪ የፈረንጅ ጨዋታ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ አለመኖራችን እንደ ጉድለት እንኳ አልተቆጠረም።

እኛ ግን አንድ ጥያቄ አለን። ጫፉ በቆለመመ ዱላ፣ ከእንጨት ወይም ከቆዳ የተሠራ ሩር እየመታ፣ በሁለት ወገን ተከፍሎ ሲጋፋ የኖረ ሕዝብ ከሆኪ ሜዳ ስለ ምን ታጣ?

ገናን ለአንባብያን ማስተማር አያስፈልግም። እህሉ ተሰብስቦ ሜዳው ባዶ በሚሆንበት በታኅሣሥ፣ ጎረምሳው ዱላውን ይዞ ይወጣል። «በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም» የተባለውም ባላባቱና ገበሬው በአንድ ሜዳ ስለሚጋፉ፣ ተሸናፊውም ስድቡን ችሎ ስለሚገባ ነው። እንግዲህ ሆኪ ከዚህ በምን ይለያል? በሆኪ በአንድ ወገን 11 ሰው ይሰለፋል፤ የሜዳው ርዝመት 91.4 ሜትር፣ ወርዱ 55 ሜትር ነው፤ ኳሱ የሚመታው በዱላው ጠፍጣፋ ጎን ብቻ ነው፤ ጨዋታው እያንዳንዱ 15 ደቂቃ በሆነ አራት ክፍል ያልቃል። በሰፈሩ ገና ግን የሰውም ቁጥር፣ የሜዳም ስፋት፣ የሰዓትም ልክ የለውም። ልዩነቱ የሕግና የሥርዓት ነው እንጂ የዓይነት አይደለም። ሕግ ደግሞ የሚጠና ነገር ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ሆኪ እንግሊዝ በገዛቸው አገሮች የተተከለ ነው፤ እኛ አልተገዛንምና አልደረሰንም» ይላሉ። የታሪኩ እውነት ይህ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ገና በቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ አብዛኞቹ ተጫዋቾች የሕንድ ተወላጆች በነበሩበት ቡድን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ገባች፤ ነጻ ከወጣች በኋላም በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ስድስተኛ ሆነች። በ1979 ዓ.ም. ናይሮቢ የመላ አፍሪቃን ጨዋታ ስታስተናግድ ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድሩ ገባ። ዳሩ ግን የእግር ኳስንስ ማን ገዝቶ አስተማረን? ከውጭ የመጣ ጨዋታ ሆኖ ሳለ ለመድነው፤ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪቃን ዋንጫ ወሰድን። አለመገዛታችን ክብራችን ነው፤ የስንፍና ምክንያት ግን ሊሆን አይገባውም።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። ከ1968 ዓ.ም. የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ጀምሮ ትልልቁ የሆኪ ውድድር በሰው ሠራሽ ምንጣፍ ላይ መደረጉና ምንጣፉም ውድ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ጀማሪ ምንጣፍ አያሻውም። ወልድያ በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲዮም አላት፤ እኛ እርሱን እንኳ አንጠይቅም። መርሳ ላይ የተደለደለ መሬት፣ የወይራ ዱላና አንድ ዳኛ ይበቃል። ዚምባብዌ በ1972 ዓ.ም. ለሞስኮ ኦሊምፒክ በጥቂት ሳምንታት ያሰባሰበቻቸው ሴቶች የመጀመሪያውን የሴቶች ሆኪ ወርቅ ይዘው ተመልሰዋል። ብዙ አገሮች ከውድድሩ ስለ ቀሩ ዕድል ረድቷቸዋል፤ ነገር ግን ዕድል የሚረዳው ሜዳ የተገኘውን ነው።

ሁለተኛው የመላ አፍሪቃ ጨዋታ በሌጎስ የተከፈተው ልክ በገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ውድድር ምሩጽ ይፍጠር በ10 ሺህ ሜትር፣ ማሞ ወልዴ በማራቶን ወርቅ አመጡልን። በሯጮቻችን እንኮራለን። ግን አገር ሁልጊዜ እግር ብቻ ልካ እጇን ከቤት ልታስቀር ይገባልን? ገናን የዓመት በዓል ማሳያ አድርገን፣ ፎቶግራፍ ከተነሣ በኋላ ዱላውን ጥግ እናስደግፈዋለን። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን በዓመታዊ ውድድሩ ማካተቱ የሚመሰገን ነው። የጎደለው ከዚያ ወደ ሆኪ የሚያሻግር ድልድይ ነው፤ ድልድዩንም ለመጀመር ከተማሪ የሚቀርብ የለም።

ስለዚህ ኅብረታችን የሚከተለውን እንዲፈጽም እናሳስባለን። አንደኛ፣ በወልድያና በመርሳ ካምፓሶች የገናና የሆኪ ቡድን ይቋቋም፤ የሆኪም ሕግ በአማርኛ ተጽፎ በዚህ ጋዜጣ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ገና የወንድ ጨዋታ ሆኖ ቢኖርም እኅቶቻችን ከመጀመሪያው ቀን የራሳቸው ቡድን ይኑራቸው። ሦስተኛ፣ ጨዋታው በበዓል ብቻ ሳይወሰን ዓመቱን ሙሉ ይሁን። ሀብሩ እስላሙና ክርስቲያኑ ተዛምዶ የሚኖርበት አገር ነው፤ የሜዳው ጨዋታ የአንድ ወገን በዓል ብቻ ሆኖ ከቀረ ግማሹ ወጣት ተመልካች ይሆናል። አራተኛ፣ የሀብሩ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ተጋብዘው አብረውን ይለማመዱ።

ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት ለአፍሪቃ ውድድር ያደርሰናል አንልም። ብሔራዊ ቡድን የሚወጣው ግን ብዙ ትንንሽ ቡድኖች ካሉበት አገር ነው። ዱላ መጥረብ የሚችል አናጢ በወልድያ ገበያ ሞልቷል። ስማችሁን ለኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ስጡ፤ በሚመጣውም ታኅሣሥ መርሳና ወልድያ በሕግና በዳኛ ይጋጠሙ።