ከጀርባ ቀዶ ሕክምና በኋላ እግር ከደከመ ዝም አይባልም

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሚታወቀው በሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። ሥጋ ደዌ ነርቭን የሚጎዳ በሽታ በመሆኑ፣ ነርቭ ሲጎዳ እጅና እግር ምን እንደሚሆኑ ለአካባቢው ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዛሬ ሆስፒታሉ የአደጋ ተጎጂዎችንም ያክማል። በመኪና አደጋ ወይም ከፎቅ በመውደቅ አከርካሪ ሲሰበር፣ አንዳንዴም በአከርካሪ ቲቢ ሲጎዳ፣ አጥንቱን ለማጽናት ብሎንና ዘንግ ማስገባት ሊያስፈልግ ይችላል።

ብዙዎች «ብረት ከገባ ሽባ ያደርጋል» ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ መነሻ አለው። ብሎኑ የሚያልፈው የአከርካሪውን የኋላና የፊት ክፍል በሚያገናኝ ጠባብ የአጥንት ድልድይ ውስጥ ነው። ድልድዩ በወገብ በኩል ሰፋ ያለ ሲሆን፣ በደረት አካባቢ ግን ስፋቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። በውስጥ ጎኑ ህብለ ሰረሰር ወይም ከእሱ የሚወርዱ ነርቮች፣ ከሥሩ ደግሞ ወደ ውጭ የሚወጣ ነርቭ ያልፋል። ብሎኑ ከመስመሩ ከወጣ እነዚህን ሊነካ ይችላል።

አደጋውን መቀነስ ግን ይቻላል። ሐኪሙ አስቀድሞ በሲቲ ስካን የድልድዩን ስፋትና አቅጣጫ ይለካል፤ ለዚያ የሚመጥን ብሎንም ይመርጣል። በቀዶ ሕክምናው ወቅት የተበሳውን ቀዳዳ ግድግዳ በደነዘ ዘንግ ይፈትሻል፤ በሲ-አርም ራጅም ከፊትና ከጎን ያያል። መሣሪያው ባለበት ቦታ የነርቭ ሥራ በኤሌክትሪክ ይከታተላል። ስለዚህ የራጅ መሣሪያ ሲበላሽ ቶሎ ማስጠገን ለሆስፒታል አስተዳደር ተራ የንብረት ጉዳይ ሊሆን አይገባም። የታካሚን እግር ማዳን ነው።

ታካሚውና ቤተሰቡም ድርሻ አላቸው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረውን ድካምና መደንዘዝ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ በኋላ የሚነጻጸረው ከዚያ ጋር ነውና። «የሲቲ ስካን ምርመራው ምን አሳየ? ብሎኑ ትክክል መግባቱ በምን ይረጋገጣል?» ብሎ መጠየቅም ሐኪምን መድፈር አይደለም።

ታካሚው ከነቃ በኋላ ቀድሞ ያልነበረ የእግር መድከም፣ በጭኖች መካከል መደንዘዝ፣ ሽንት አለመውጣት ወይም ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል ከታየ፣ «ማደንዘዣው አልለቀቀው ይሆናል» ብሎ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። ወዲያውኑ ለነርስ ወይም ለሐኪም ይነገር። ነርቭን የተጫነ ብሎን ቶሎ ከተደረሰበት ሊስተካከል ይችላል፤ በዘገየ ቁጥር ግን የነርቩ የማገገም ተስፋ እየጠበበ ይሄዳል።