የተረፈ ዶሮ አይደር!

«ሰው ጋብዘን ዶሮ አሮስቶ ተረፈን፤ በነጋታው ሾርባ ብንሠራበትስ?» ስትል አንዲት የሲቀላ አንባቢያችን ጠይቃናለች።

እህታችን፣ ሾርባውስ ግሩም ይወጣዋል። ችግሩ «በነጋታው» ያልሽው ላይ ነው። በአርባ ምንጭ ሙቀት፣ ፍሪጅ በሌለበት ቤት የተረፈ ሥጋ አያድርም። ከ2 ሰዓት በላይ፣ በጣም ሲሞቅ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ ውጪ የቆየውን ጣዪው። ማፍላት መርዙን ሁሉ አያጠፋም።

ስለዚህ ገበታው ከፍ እንዳለ፣ ቡናው ሳይቆላ ድስቱን ጣጂ። ሰው የጋጠውን አጥንት ተዪው። የቀረውን ከነሥጋው በ2 ሊትር ውሃ፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ጥደሽ፣ ሲፈላ እሳቱን ቀንሰሽ 1 ሰዓት ያህል ቀቅዪው። ከዚያ አጥልዪና ሥጋውን ለቅመሽ መልሺ፤ አጥንቱን ጣዪ። ድንችና ካሮት ከትፈሽ ጨምሪ። ሊበስል ሲል ከግንዱ የተሸመጠጠ አንድ እፍኝ የሽፈራው ቅጠል፣ ያ የጋሞ «ሀለኮ»፣ ይግባበት። አሮስቶው ጨው አለውና ጨውን መጨረሻ ላይ ቀምሰሽ ነው።

በዶርዜ ቆጮ ብሉት። ሾርባውም ቢሆን ያለ ፍሪጅ አያድርም፤ ከተረፈ ጎረቤት ጥሪ። አጥንት ነው ብሎ የሚያማሽ የለም፤ ሽታው ራሱ ይጠራቸዋል!