አጎት በአሜሪካ ሕግ አያስመጣም

«አገሩን ጥሎ የሚሄድ ከሐዲ ነው» የሚለው ንግግር በግቢያችን እንደ ዘወትር ጸሎት ይደገማል። ይህን የሚሉን ወንድሞች ከሁለት ዓመት በኋላ ለማስተርስ ብለው በኤምባሲ ደጃፍ ሲሰለፉ እንደምናያቸው ለጊዜው እንተወውና፥ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ከደሴ ወይም ከደብረ ማርቆስ እኛን ተማምኖ የመጣ የአክስት ልጅ፥ ማለፊያ ነጥብ ያጣ ታናሽ ወንድም፥ «ወንድም ጋሼ፥ ወጥቼ እዚያው መኖር እፈልጋለሁ፤ መንገዱ በየት ነው?» ሲለን ምን እንመልስለታለን? ግማሾቻችን እንሰብከዋለን፤ ግማሾቻችን «ደላላ ፈልግ» እንለዋለን። የእንግሊዝኛውን ሕግ ገልጦ የሚያነብለት ግን የለም። እንግዲህ የተማርነው ለምንድን ነው?

ደላላው ያነብለታል፤ ማለት የሌለውን ያነብለታል። የእኔን ታናሽ ዘመድ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «አሜሪካ ያለው አጎትህ ያስመጣሃል» ብሎ፥ እናቱ በግ ሸጣ የላከችለትን ገንዘብ ተቀበለው። አጎት በአሜሪካ ሕግ ለእኅቱ ልጅ ማመልከት አይችልም። ዜግነት ካለውና 21 ዓመት ከሞላው ለእኅቱ ማመልከት ይችላል፤ ያም ወረፋ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል። ልጁ ከእናቱ ጋር ተያይዞ የሚሄደው ደግሞ 21 ዓመት ሳይሞላውና ሚስት ሳያገባ ከቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሕግ ማመልከቻው በቢሮ ሲመረመር የቆየበትን ጊዜ ከዕድሜው ይቀንስለታል፤ የቀረውን የወረፋ ዘመን ግን አይነካም። ልጁ ዛሬ 19 ዓመቱ ነው። ይህን ለማስላት ሒሳብ ክፍል መግባት አያሻም።

ከዚያም ዲቪ አለ፤ ወይም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ሕግ ተደንግጎ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ የተመደበለት ዕጣ ነው። ፎርሙን መሙላት ለብዙ ዓመታት በነፃ ሆኖ ሳለ ስንቱ ኢንተርኔት ቤት ከበረበት! ዕጣ የደረሰው ሁሉ ቪዛ እንደማያገኝ፥ ከቪዛው ቍጥር በላይ ሰው እንደሚመረጥ፥ እስከ ሴፕቴምበር 30 ጉዳዩን ያልጨረሰ ዕድሉ እንደሚሞት ማን ነገራቸው? ዕጣ ለደረሳት ልጅ የማታውቀውን «ባል» ያጫርቱባታል፤ በሐሰት ቃል የተያዘ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ሊታገድ እንደሚችል አይነግሯትም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራሙ እንዲቆም አዘዘ። ደላሎቹን ማን ያዘዛቸዋል?

ሦስተኛው ማታለያ የተማሪ ቪዛ ነው። ቆንሲሉ የሚፈልገው ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ እንደሚመለስ ማሳመኑን ነው። ለመኖር የሚሄደውን ልጅ በዚህ በር መላክ፥ ከነውሸቱ ወደ መስኮቱ መግፋት ነው።

ታዲያ እውነተኛ መንገድ የለም ወይ? አለ፤ ግን ረጅም ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው ሥርዓት ባለሙያ ትመርጣለች። ከፌዴራል ባለሙያዎች ወገን ለመቆጠር ከ100 ነጥብ 67 ማግኘት ያሻል፤ ለቋንቋ እስከ 28፥ ለትምህርት እስከ 25፥ ዕድሜው ከ18 እስከ 35 ለሆነ 12 ይሰጣል። ደግሞም (ደላላው ይህን አያውቅም) እዚያው የሚኖር፥ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ አጎት 5 ነጥብ ያስገኛል! ቢያንስ የአንድ ዓመት የሙያ ሥራ ግን ግዴታ ነው፤ 67ቱም ከተወዳዳሪዎች መካከል ያስገባል እንጂ ቪዛ አይደለም። ስለዚህ ለልጁ የምንነግረው፥ የበጉን ገንዘብ ለሙያ ትምህርትና ለእንግሊዝኛ አውለው፥ ጥቂት ዓመታት ታገሥ ነው። መራራ መልስ ነው፤ ነገር ግን እውነት ነው።

አንዳንድ መምህራን «ይህ የተማረ ሰው ኃይልን ማፍሰስ ነው» ይሉናል። ልጁ ከደላላው ቤት ባዶ እጁን ሲወጣ ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳል ብለው ያምናሉ? ወደ መተማ ነው የሚሄደው፤ ወደ ቦሳሶ ነው። በ2007 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በሊቢያ የታረዱትን ወንድሞቻችንን ረሳናቸው እንዴ? ሥራ የማትሰጥ አገርን መውቀስ ያለበት አገሪቱን የሚያስተዳድረው እንጂ ያ ልጅ አይደለም።

ማኅበራችን ለጭፈራ ምሽት አዳራሽ ያስፈቅዳል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም አንድ ክፍል ያስፈቅድልን። የሕግ ተማሪዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይቀመጡ፤ የመጣውን ልጅ ፎርም በነፃ ያንብቡለት፤ የማይሆነውን አይሆንም ይበሉት። የመጀመሪያውን ቅዳሜ እኔ እቀመጣለሁ።