ርእሰ አንቀጽ፦ ቁንጅና በኪሎ ይመዘናልን?

ባለፈው ሳምንት በመመገቢያ አዳራሹ በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎ አይተናል። ለተመራቂዎች በዓል የፋሽን ትርዒት ሊዘጋጅ ስለ ታሰበ፣ በሞዴልነት ለመሰለፍ የሚሹ እህቶቻችን ስማቸውን እንዲያስመዘግቡ የሚጠይቅ ነው። ጥሪው ባልከፋ፤ ዳሩ ግን ከግርጌው የሰፈረው ግዴታ ብዕራችንን እንድናነሣ አድርጎናል። «ቁመት ከ1.70 ሜትር ያላነሰ፤ ክብደት ከ50 ኪሎ ያልበለጠ» ይላል። የአዘጋጆቹን ስም አንጠቅስም፤ ከእነርሱ ጋር ጠብ የለንም። ጠባችን ከቁጥሩ ጋር ነው።

እስቲ ከሒሳቡ እንጀምር። ሐኪሞች የአዋቂን ሰው ክሳትና ውፍረት የሚገምቱበት አንድ ቀላል ስሌት አለ፤ ይኸውም ክብደትን በኪሎ ወስዶ በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። 50 ኪሎ ለ1.70፣ ያም ውጤት እንደ ገና ለ1.70 ሲካፈል 17.3 ይሆናል። ከ18.5 በታች የሆነ ሰው ደግሞ በጤና መዝገብ ላይ ከልክ በታች የከሳ ተብሎ ይጻፋል። 1.70 የምትረዝም ልጅ ከዚህ መስመር ለመድረስ ቢያንስ 53 ኪሎ ተኩል መመዘን አለባት። እንግዲህ አዘጋጆቹ ሳያስቡት የጠሩት፣ ጤና ጣቢያ ብትሄድ «ምግብ ጨምሪ» ተብላ የምትመለሰውን ልጅ ብቻ ነው ማለት ነው። (ስሌቱ ፍጹም አይደለም፤ አጥንትንና ጡንቻን ከስብ አይለይም፤ በተፈጥሮዋ ቀጭን ሆና ጤነኛ የሆነች ልጅም ሞልታለች። እኛ የምንነቅፈው ቅጥነቷን ሳይሆን ቅጥነት የመግቢያ ትኬት መሆኑን ነው።)

ይህ ማስታወቂያ የተለጠፈበትንም አገር ማስታወስ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነው ሴቶች መካከል ከመቶ 22ቱ ከ18.5 በታች ነበሩ፤ ከልክ በላይ የወፈሩት ግን ከመቶ 8 ብቻ። በዚያው ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 46ቱ የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። መቀንጨር ማለት በሕፃንነት የጎደለ ምግብ በቁመት ላይ የሚተወው ምልክት ነው። ስለዚህ ያ «1.70» የሚለው ቁጥር ራሱ የእግዜር ስጦታን ብቻ አይለካም፤ በሁለት ዓመቷ እንቁላልና ወተት ያገኘችውን ካላገኘችው ይለያል። እኛ ጤፍ በመኪና ጭነን ወደ አዲስ አበባ የምንልክ የጎጃም ልጆች፣ ከጮቄ ሥር እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ድረስ በየቤቱ ያለውን እናውቃለን። እህል የሚያመርት ቤት ሁሉ ልጁን ያጠግባል ብሎ የሚያምን ካለ ወደ ገጠር ወጥቶ አያውቅም።

ቁጥሩ ከየት መጣ? ከደብረ ማርቆስ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የልብስ ነዳፊዎች ለትርዒት የሚያቀርቡትን ልብስ የሚሰፉት አስቀድመው ነው፤ ለናሙናም የሚሰፋው በአንድ ጠባብ ልክ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ልብሱ የሚገባላት ሴት ትፈለጋለች። ልብስ ለሰው ይሰፋ እንደነበር ተረስቶ ሰው ለልብስ ይፈለግ ጀመር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በለንደን ትዊጊ የተባለች የ16 ዓመት ልጅ በቅጥነቷ ስሟ ከገነነ ወዲህ፣ ገና ሰውነቷ ያልሞላ የልጃገረድ ቁመና የአዋቂ ሴት መለኪያ እየሆነ ሄደ።

ውጤቱም በሬሳ ሣጥን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ሉዊሴል ራሞስ የተባለች የ22 ዓመት የኡራጓይ ሞዴል በሞንቴቪዴዮ በትርዒት ላይ እንዳለች ልቧ ቆሞ ሞተች። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር አና ካሮሊና ሬስቶን የተባለች የ21 ዓመት ብራዚላዊት፣ ክብደቷ ወደ 40 ኪሎ ወርዶ፣ ራስን በማስራብ በሽታ ምክንያት አረፈች። በሁለቱ ሞት መካከል የማድሪድ የፋሽን ሳምንት ከ18 በታች የሆነችን ሞዴል መድረክ ላይ አላወጣም ብሎ ወሰነ። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2012 ከ18.5 በታች የሆኑ ሞዴሎች እንዳይሠሩ ሕግ አወጣች። ፈረንሳይም በ2017 ሥራ ላይ በዋለ ደንብ ሞዴሎች የሐኪም ማስረጃ እንዲይዙ፣ በመሣሪያ የተቀጠነ ፎቶግራፍም «ተነካክቷል» የሚል ጽሑፍ እንዲለጠፍበት አዘዘች። ልብ ይሏል! ፋሽን ተወልዶ ያደገበት አገር በሕግ የተወውን ልክ፣ እኛ ዛሬ በደብረ ማርቆስ በር ላይ በማጣበቂያ እንለጥፋለን። በማስታወቂያው ልክ የተመረጠች ልጅ ማድሪድ ብትሄድ ከመድረኩ በር ትመለስ ነበር።

«ይህ የነጮች በሽታ ነው፤ የእኛን ሴቶች አይነካም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። የፊጂን ታሪክ እንንገራቸው። ፊጂ በሰላማዊ ውቅያኖስ ያለች የደሴቶች አገር ናት፤ ሙሉ ሰውነት የተከበረባት፣ «ወፈርሽ» ማለት ምርቃት የሆነባት ነበረች። ናድሮጋ ወደተባለ ወረዳዋ ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አን ቤከር የተባሉ ተመራማሪ በዚያው ዓመት የልጃገረዶችን አመጋገብ ጠየቁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም መልሰው ጠየቁ። በመጀመሪያው ጊዜ ለመቅጠን ብላ ምግቧን የምታስመልስ አንዲት ልጅ አልተገኘችም ነበር፤ በ1998 ግን ከመቶ 11 በላይ ሆነዋል። ሦስት ዓመት ብቻ! ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ያለው ስልክ በዚያን ጊዜ ከነበረው ቴሌቪዥን ስንት እጥፍ ምስል ያሳያል?

የእኛ ቋንቋስ ምን ይል ነበር? ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንገባ እናቶቻችን ፊታችንን በሁለት እጃቸው ይዘው «ምነው ከሳህ፣ ምነው ከሳሽ፣ ምግቡ አልተስማማሽም ወይ?» ይሉናል። ሥጋ ለበሰች፣ ሰውነቷ ሞላ፣ ወዟ ተመለሰ ሲባል ከሕመም ወይም ከችግር ወጣች ማለት ነው። አራስ ገንፎና ቅቤ የሚቀርብላት እንድትጠነክር ነው፤ ስትወጣ ያላማረባት እንደሆነ ነውሩ የባሏ ነው። ቆንጆን ለማመስገንም ዓይነ ጎላ፣ ጥርሰ በረዶ፣ አንገተ ብርሌ፣ ተረከዘ ሎሚ እንላለን። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሚዛን የለም። ተረከዝ እንኳ ተመስግኖ ኪሎ አልተጠራም።

ይህን ስንል ግን የአባቶቻችን ዘመን ለሴት ልጅ ገነት ነበር ብለን ለማታለል አይደለም። ወገበ ቀጭን ዳሌ ሰፊ እያለ በዓይኑ የሚለካ ወንድ ያኔም ነበር። በአያቶቻችን አንገትና ድድ ላይ ያለው ንቅሳት በእሾህና በመርፌ እየተወጋ የገባ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ደም እየፈሰሰ «ቻይው፣ ያምርብሻል» ይባሉ ነበር። ልጅነቷን ሳትጨርስ የተዳረችው ስንት ናት? በሌላም አገር እንዲሁ ነው፤ በሞሪታንያ ልጃገረዶችን ለባል እንዲወፍሩ ወተት በግድ የማጋት ልማድ አለ። አንዱ አስርቦ፣ ሌላው አግቶ፣ ሁለቱም በሴት ልጅ ሆድ ላይ ሌላ ሰው ያዝዛሉ።

በዚህ ረገድ የተማሪው ማኅበርም የራሱ ታሪክ አለው፤ ሳናነሣው ብናልፍ ግብዝነት ይሆንብናል። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. ቅዳሜ ዕለት በስድስት ኪሎ በራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጅቶ ነበር። ተማሪዎች ትርዒቱ የባዕድ ባህል ነው፣ ሕዝብ ተርቦ ሚኒስከርት ምን ይሠራል ብለው ተቃወሙ፤ በመጡት ሰዎች ላይ እንቁላል ወረወሩ፤ ፖሊስ ገባ፤ የተማሪ መሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። በዚያው ዓመት ጎጃም ውስጥ ገበሬው በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ምክንያት፣ መሬቴ አይለካም፣ ሰብሌም በባለሥልጣን ዓይን አይገመትም ብሎ በሞጣና በቢቸና ተነሥቶ እንደነበር ይታወቃል። የስድስት ኪሎዎቹ ተማሪዎች ስለ ድሃው ያነሡት ጥያቄ ትክክል ነበር እንላለን። እንቁላሉን ግን ማን ላይ ወረወሩት? ቀሚሱን ከነደፈው፣ ከሸጠውና ካተረፈው ላይ ሳይሆን ከገዛ እህቶቻቸው ላይ ነው። የሴትን ቀሚስ በክንድ እየለካ የሚያወግዝ ወንድና ወገቧን በሜትር እየለካ የሚመርጥ ወንድ እምብዛም አይራራቁም። ስለዚህ ዛሬ ይህን ማስታወቂያ ስንነቅፍ በትርዒቱ ቀን አንድም ሰው ቲማቲም ይዞ እንዲመጣ አንፈልግም፤ የተመዘገቡትንም ልጆች በሽሙጥ የሚያሳቅቅ ካለ ከእኛ ወገን አይደለም።

የሞዴልነት ሥራንም አንንቅም። ልያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1978 በአዲስ አበባ ተወልዳ፣ በሊሴ ገብረ ማርያም ተምራ፣ በዓለም መድረክ የደረሰችበትን ያህል የደረሰ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። በ2003 የኤስቴ ላውደር የውበት ዕቃዎች ኩባንያ ፊት ሆና ስትመረጥ ለዚያ ቦታ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚገርመን ግን በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት አቋቁማ ለአገራችን ሸማኔዎች ገበያ መክፈቷ ነው። ይህ እንዳለ ሆኖ፣ የአንዲት ልያ ቁመና በተፈጥሮ የመጣ ነው፤ ለሺህ ልጆች ደንብ አድርጎ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ሸማኔ ካነሣን አይቀር፣ ዋናው ነገራችን እዚህ ላይ ነው። የሸማ ልብስ ልክ የለውም። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ድሩን ዘርግቶ ማጉን ሲወረውር፣ የሚለብሰው ሰው ወፍራም ይሁን ቀጭን አይጠይቅም። ጠባብ ሆኖ የተሸመነው ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነጠላ ይሆናል፣ ኩታ ይሆናል፣ ጋቢ ይሆናል፤ ሰውዬው እንደ ቁመናው ይጠቀለልበታል። የእናት ቀሚስ በመቀነት ታስሮ ለልጅ ይሆናል፤ ልጅ ስትወልድና ስትሞላ መቀነቱ ይላላል እንጂ ቀሚሱ አይጣልም። የሴቶች ፈትልና የወንዶች ሽመና የተገናኙበት ይህ ጥበብ ሰውነት እንደሚለዋወጥ አውቆ የተሠራ ነው። እኛ ግን ሸማኔውን በስድብ ስም ስንጠራው ኖረን፣ ልብሱን ለበዓል ብቻ አውጥተን፣ በልኩ ካልሆንን የሚያሳፍረንን ሱሪ በውድ ዋጋ እንገዛለን። ገብቶላት ከርሞ ዘንድሮ አልዘጋ ያለ ዚፕ ፊት ቆማ ራሷን የረገመች ልጅ ይህን ስታነብ ትረዳናለች።

አንድ ነገር ደግሞ ከእህቶቻችን መኝታ ቤት ሰምተናል፤ በቀላል አናየውም። ማስታወቂያው ከወጣ ወዲህ እራት የተዉ፣ ቁርስም የተዉ አሉ፤ ሲጠየቁም «ጾም ይዣለሁ» ይላሉ። ጾም የሃይማኖት ነው፤ የሚጾመውን እናከብራለን፤ የጾመ ሰው ሲፈታ ከቤተ ሰቡ ጋር በደስታ ይበላል። ይህ ግን ፋሲካ የሌለው ጾም ነው። ፈተና በቀረበበት ወር፣ ሌሊት ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ባለ ደጋ ብርድ ቁጭ ብሎ ለሚያጠና ሰው ባዶ ሆድ ምን እንደሚያደርግ የባዮሎጂ መምህሮቻችን ቢያስረዱን ደስ ይለናል። የወር አበባ እስከ መቋረጥ፣ አጥንት እስከ መሳሳት እንደሚያደርስ ከጤና ትምህርት ክፍል ያሉ ጓደኞቻችን ያውቃሉ። መምህራኖቻችንም በክፍል ውስጥ «ወፍራሟ» እና «ቀጫጫው» እያሉ መጥራትን እንዲተዉልን በትሕትና እንለምናለን፤ ለቀልድ ተብሎ የተነገረ ቃል ከመጽሐፉ ትምህርት ይልቅ ሲታወስ ይኖራል።

ትርዒቱ ይቅር አንልም፤ ይደረግ። የቁመትና የክብደቱ መስመር ከማስታወቂያው ይሰረዝ። ለመሰለፍ የፈለገች፣ አጭርም ትሁን ረጅም፣ የሞላችም ትሁን የቀጠነች፣ ትመዝገብ፤ ወንዶችም ይመዝገቡ፤ ቁምጣና ጋቢ ለብሶ ዱላ ይዞ የሚያምርበት ወንድ በግቢያችን አልጠፋም። ልብሱ ከከተማችን ሸማኔዎችና ጥልፍ ጠላፊዎች በክፍያ ይወሰድ፤ በመድረኩ ላይም የሠራው ሰው ስም ይጠራ። የምትለማመድ ተማሪ የመመገቢያ ሰዓቷ እንዳያልፋት የልምምዱ ሰዓት ይስተካከል፤ በአሁኑ ፕሮግራም ልክ በእራት ሰዓት ላይ ውሏል። ይህን በጽሑፍ አድርገን ለአዘጋጆቹ ሰጥተናል፤ በመጪው ሐሙስ በሚደረገው የማኅበሩ ስብሰባ መልሳቸውን እንሰማለን። የሚቃወመንም የሚደግፈንም ይምጣ፤ በተለይ የተመዘገቡት እህቶቻችን እንዲመጡ እንጠይቃለን፤ እስካሁን ስለ እነርሱ ሁሉም ሲናገር እነርሱን የጠየቃቸው የለምና።