ዳገቱን ከማን ጋር ሆነን ነው የምናየው?

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት በዐይናችሁ ለኩት ብንባል አብዛኞቻችን አጋነን ነው የምንናገረው። ሌላውም ሕዝብ እንዲሁ ነው። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴኒስ ፕሮፊትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት፣ 5 ዲግሪ ብቻ የሚያዘነብለውን መንገድ ሰዎች ወደ 20 ዲግሪ አድርሰውት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ከባድ ቦርሳ ያዘለ፣ የደከመ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ዳገቱ የባሰ ቀጥ ብሎ እንደሚታየው ጻፉ። በ2008 ሲሞን ሽናል የመራችው ጥናት የጨመረው ነገር ግን ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፦ ወዳጁ አጠገቡ የቆመ ሰው ያንኑ ዳገት ብቻውን ከቆመው ሰው አቅልሎ ገመተው።

ይህንን የኮተቤ ሯጮች ከማንም ቀድመው ያውቁታል። ጎህ ሳይቀድ ተጠራርተው ነው የሚወጡት፤ እንጦጦ ጫካ ውስጥ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ ከፊት ያለው ሲደክም ሌላው እየተተካ ይሮጣሉ። ማይክል ክሮሊ የተባለው ብሪታንያዊ አንትሮፖሎጂስት፣ ራሱም ሯጭ ነውና፣ ከአንድ ዓመት በላይ እዚሁ አብሯቸው ሮጦ በ2020 መጽሐፍ አሳትሟል። ከያዛቸው ቁም ነገሮች አንዱ ብቻውን የሚሮጥ ለጤናው ያህል እንደሚሮጥ፣ መለወጥ የሚሻ ግን ከሰው ጋር መሮጥ እንዳለበት ሯጮቹ ማመናቸው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው አባባላችንም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ነገር ግን ጥናት አገራችን የሚያውቀውን ስለደገመልን ብቻ እልል ብለን ልንቀበለው አይገባም። ፍራንክ ደርጊን የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ2009 የቦርሳውን ሙከራ እንደገና ሠራው። ቦርሳው ውስጥ የተሸከሙት የጡንቻ መለኪያ መሣሪያ እንደሆነ ለተሳታፊዎቹ ሲነገራቸው፣ ቦርሳው ያስከተለው ተጨማሪ ማጋነን ቀረ። ለካ ብዙዎቹ የሙከራውን ዓላማ ጠርጥረው፣ ይጠበቅብናል ያሉትን መልስ ነበር የሰጡት። ይህ ክርክር ሥነ ልቦናን የሚያሳንስ አይመስለኝም፤ ራሱን የሚመረምር እውቀት ነውና ይበልጥ አከብረዋለሁ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ በ2010 እንዳስታወሱት፣ በዋና ዋና የሥነ ልቦና መጽሔቶች ከሚጠኑት ሰዎች 96 በመቶው የሚገኙት ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶው ብቻ ከሚኖርባቸው አገሮች ነው። ቦርሳውን ያዘሉትም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ክብደቱ የሰውነታቸውን አንድ አምስተኛ ወይም አንድ ስድስተኛ ያህላል። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ለቅመው ጀርባቸው ላይ አስረው የሚወርዱት እናቶችና ልጃገረዶች ግን ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ይሸከማሉ፤ የገዛ ሰውነቷን ክብደት የምታህል እንጨት የምትሸከምም አለች። ደግሞም ባዶ እጃቸውን ወጥተው፣ ተሸክመው የሚወርዱት ቁልቁለቱን ነው። ወገባቸው ጎብጦ፣ ዐይናቸው ከእግራቸው ሥር ሳይነቀል፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ይረግጣሉ። እነሱ ቁልቁለቱን እንዴት እንደሚያዩት፣ ተያይዘው መውረዳቸው ምን እንደሚያቀልላቸው በቨርጂኒያ ተማሪ መልስ ልናውቅ አንችልም።

ሸክሙ ያለው አእምሮ ውስጥ ነው የሚል ሰው ከመጣም አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ጓደኛ ዳገቱን ያቀልል ይሆናል፤ እንጨቱን ግን አንዲት ኪሎ አያጎድልም። ለእነዚህ ሴቶች የሚያስፈልገው ሌላ መተዳደሪያ ነው፤ የትኛውም የሥነ ልቦና ግኝት ይህንን ለመሸፈን መዋል የለበትም።

ጥናቱ ግን እዚሁ ሊሠራ ይችላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ክፍል ያለበት ስድስት ኪሎና እንጦጦ በአንድ መንገድ የተያያዙ ናቸው። የማስተርስ መመረቂያ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ሽቅብ ውጡ። ዳገትን በዲግሪ ተምሮ ለማያውቅ ሰው ዲግሪ አትጠይቁ፤ በእጁ አዘንብሎ እንዲያሳያችሁ ሰሌዳ ስጡት። ሴቶቹን ስታነጋግሩ በቅድሚያ ሸክማቸውን አውርዳችሁ አስቀምጡላቸው፣ ለሚያጠፉት ጊዜ የቀን ገቢያቸውን ክፈሏቸው፤ ውጤቱንም ከመምህራችሁ በፊት ለእነሱ ንገሯቸው።