ከማደያ ወረፋ ወደ ቤት ሶኬት

ብቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው የተቀመጡ የደጋ ከተሞች ናቸው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም፤ ዳገቱን በሙሉ አቅሙ ይወጣል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ለብዙው የብቸናና የሞጣ ነዋሪ ግን አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የሚቀመስ አይደለም። ያረጀ ስኩተርን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር ይቀርበዋል።

ሥራው ለጎበዝ መካኒክ አይከብድም። ሞተሩና የነዳጅ ጋኑ ይወርዳሉ፤ የኋላው ቸርኬ ሞተር በውስጡ በያዘ ቸርኬ ይተካል፤ ባትሪና ኮንትሮለር ይታሰራሉ። ባለ 60 ቮልት፣ 20 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በመጠነኛ ፍጥነት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ከቤት ቢሮ ለሚመላለስ ሰው ይበቃል፤ ከብቸና ሞጣ ደርሶ ለመመለስ ግን አይሆንም።

አደጋው ያለው ባትሪው ላይ ነው። ከአሮጌ ላፕቶፖች የተለቃቀመ ሴል ያለ ፊውዝና ያለ መከላከያ ቦርድ ተያይዞ ከመቀመጫ ሥር ከገባ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ክብደት ቢኖረውም ሙቀትን የተሻለ ይችላል። ክረምቱም አለ፤ የሽቦው መጋጠሚያ ሁሉ ውኃ እንዳያስገባ መታሸግ አለበት።

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይህን ሥራ ያስተምሩ። የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶችም በቤት የተቀየረውን ስኩተር ፍሬኑንና ባትሪውን መርምረው፣ ብቁ ሆኖ ሲያገኙት ሰሌዳ ይስጡት።